«ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» አባባሎች በንግድ ድርጅቶች እጅ ሲገቡ

የባንኮችን፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን፣ የቤት አልሚዎችንና የቴሌኮም ድርጅቶችን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች የሚከታተል ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያጋጥመዋል። ጽሑፉ በታወቀ አባባል ይከፈትና «ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ብልህ ገበሬ ወይም አንዲት አሮጊት ያሉበትን አጭር ታሪክ ይተርካል። መዝጊያው ላይ የቁጠባ ሒሳብ እንድንከፍት ወይም አክሲዮን እንድንገዛ ይጋብዛል። አንባቢ ታሪኩን ይወደዋል፤ ለዘመድ ወዳጁም ያጋራዋል። ችግሩ የሚታየው ያው አባባል በሌላ ገጽ ላይ ከሌላ ንጉሥና ከሌላ ዘመን ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ክርክር ይነሣል። አንዱ «አያቴ የነገሩኝ ይህን ነው» ይላል፤ ሌላው «ፈጠራ ነው» ይላል፤ ጽሑፉን ያወጣው ድርጅት ግን የሚመልሰው ነገር የለውም።

ክርክሩ እልባት የማያገኘው ሁለት ነገሮች ስለሚደባለቁ ነው። የአብዛኞቹ የአማርኛ አባባሎች የመጀመሪያ ተናጋሪ አይታወቅም። አባባሎቹ የበቀሉበት ኑሮ ግን፣ ማለትም ዕቃው፣ ገበያው፣ ሹመቱና ረሃቡ፣ በብዙ መልኩ ተመዝግቦ ይገኛል። ለድርጅቱም ለአንባቢውም የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ሆኖ ሳለ፣ ገበያው ላይ የወጣው የመጀመሪያው ነው።

የይዘት ግብይት ለምን አሁን?

ባለሙያዎች «ኮንቴንት ማርኬቲንግ» ወይም የይዘት ግብይት የሚሉት፣ ድርጅት ምርቱን በቀጥታ ከማወደስ ይልቅ ለደንበኛው የሚጠቅም ወይም ደስ የሚያሰኝ ጽሑፍ፣ ድምፅና ምስል በተከታታይ እያቀረበ አመኔታ የሚያገኝበትን ዘዴ ነው። ሐሳቡ ከኢንተርኔት ብዙ ይቀድማል። የአሜሪካው የእርሻ መሣሪያ አምራች ጆን ዲር እ.ኤ.አ. በ1895 ለገበሬዎች መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ የፈረንሳዩ ጎማ አምራች ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1900 ለመኪና ነጂዎች የጉዞ መመሪያ አሳትሞ በነጻ አደለ። ማረሻ የሚሸጠው ስለ እርሻ፣ ጎማ የሚሸጠው ስለ መንገድ ጻፈ። በሁለቱም ዘንድ ጸሐፊው የሚጽፈውን ነገር ያውቀው ነበር። ይህ ነጥብ ወደኋላ ያስፈልገናል።

በአገራችን ግፊቱ የመጣው በቅርብ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ፣ ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። በዚያው ዓመት ጥር ወር የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በር የከፈተው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017ም ወጣ። ለዘመናት ዕቁብና ዕድር ሲያስተዳድር የኖረ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ አክሲዮን፣ ስለ ዲጂታል ቦርሳና ስለ ትርፍ ድርሻ እንዲሰማ ተደረገ ማለት ነው። አዲስ ነገር የሚብራራው በሚታወቅ ነገር ነው፤ ከአባባል የበለጠ በሁሉም ቤት የሚታወቅ ነገር ደግሞ ማግኘት ያስቸግራል።

አባባል ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

«ድር ቢያብር» ተብሎ ሲጀመር አንባቢው «አንበሳ ያስር» ብሎ በልቡ ይጨርሳል። ቤት መምታቱና ምቱ አባባሉን በቃል ያስይዘዋል፤ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ራሱ የሚሞላ ሰው ደግሞ ሳያስበው ከተናጋሪው ጋር ተባብሯል። አክሲዮን ሻጭ ሌላ ሁለት ገጽ ቢጽፍ ይህን ያህል ቅርበት አያገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። አባባል ባለቤት የለውም። ባንክ «ቆጥቡ» ሲል ጥቅሙን እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ግን የሚሰማው የእናትና የአባት ድምፅ ነው። ድርጅቱ የራሱ ያልሆነ አመኔታ ተውሷል። የተዋሰውን ምን ዓይነት ነገር ለመናገር እንደሚጠቀምበት መጠየቅ ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የ«ምንጭ» ሦስት ትርጉሞች

ምንጭ ስንል አንዳንዴ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ማለታችን ነው። ለአብዛኞቹ አባባሎች ይህ ጠፍቷል፤ በቃል ሲወርዱ የመጡ ናቸውና።

አንዳንዴ ደግሞ አባባሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘበትን ቦታ ማለታችን ነው። ይህን ማጣራት ይቻላል። ጣሊያናዊው የቋንቋ ምሁር ኢግናዚዮ ጊዲ እ.ኤ.አ. በ1894 ሮም ውስጥ፣ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1907 ፓሪስ ውስጥ የኢትዮጵያን ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሰብስበው አሳትመዋል። በአገር ውስጥም በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት የመሰሉ ሥራዎች በየቃሉ ሥር ብዙ አባባል ይዘዋል። አንድ አባባል በጊዲ ስብስብ ውስጥ ከተገኘ ቢያንስ ከ1894 በፊት ይነገር እንደነበረ በእርግጠኝነት መጻፍ ይቻላል። መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይነግረንም።

ሦስተኛው ትርጉም አባባሉ እንዲገባን መኖር ያለበት ዓለም ነው። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንላለን። ብርሌ አንገተ ረጅም የመስታወት ዕቃ ነው፤ ስለዚህ አባባሉ አሁን በያዘው መልክ የመስታወት ዕቃ በጠጅ ቤትና በግብር አዳራሽ ከመለመዱ በፊት ሊነገር አይችልም። ቀደም ሲል ጠጅ የሚጠጣው በቀንድ ዋንጫም ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ሹም በወር ደመወዝ ሳይሆን ከተሰጠው ጉልት በሚያገኘው ግብር ይኖር የነበረበትን ሥርዓት ይዞ መጥቷል። ዛሬ ሙስናን ለማሳበብ የሚጠቀስ ቃል በተወለደበት ዘመን የአስተዳደሩን አሠራር የሚገልጽ እንደነበረ የሚያስረዳ አንድ የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ቢኖር፣ ስለ ሙያው ሥነ ምግባር ብዙዎች የሚያነብቡት ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ለኔ የሚጥመኝ ጅቡ ነው። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።» ቁርበት የለፋ ቆዳ ነው፤ ቤት የገባ እንግዳ የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ነበር። ጅብ ደግሞ ቆዳ ይበላል። የቤቱ ባለቤት የሚያውቀው ቢሆን ኖሮ መኝታውን እንደ ምግብ እንደሚያየው ይረዳ ነበር። አረፋ ፍራሽ ላይ ያደገ ልጅ፣ በተለይም በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ አካባቢ የተወለደ፣ ቁርበት ምን እንደሆነ ካልተነገረው አባባሉ ውስጥ ያለው ሳቅም ስጋትም ያመልጠዋል። አሁን ባንኮች ሒሳብ ለሚከፍት ሰው የፋይዳ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ም የዚህ ሥርዓት መሠረት ነው። «ደንበኛህን ዕወቅ» የሚባለው የባንክ መርሕ ለብዙ ሰው አሰልቺ ቢሮክራሲ ይመስላል። የጅቡን ነገር ከነቁርበቱ ያስረዳ ባንክ፣ ማንነትን የማጣራቱ ሥራ ያስቀማጩን ገንዘብ ለመጠበቅ እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሳያል። ንጉሥ መፍጠር አላስፈለገውም።

ጨውና ድንጋይ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።» የዛሬ ከተሜ ጨው የሚያውቀው በላስቲክ የታሸገ ነጭ ዱቄት አድርጎ ነው። ዱቄትን ድንጋይ ነው ብሎ የሚጥል የለም። አባባሉ የሚበራው አሞሌን ላየ ወይም ለሰማ ሰው ነው።

አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ ይወጣ ነበር። ሠራተኞች የደረቀውን የጨው ወለል በመጥረቢያ ፈልጠው በእንጨት ያነሡታል፤ ከዚያም ጠርበው አራት ማዕዘን ያወጡለታል። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ መቐለ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይበተናል። በመንገድ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰር ነበር፤ የተሰበረ አሞሌ እንደ ድፍኑ አይቆጠርምና። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላ አገሪቱ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው የብር ገንዘብ በፓሪስ ካስመቱ በኋላም አሞሌ ከገበያ ወዲያው አልጠፋም።

እንግዲህ ግራጫና ጠንካራ፣ እንደ ጡብ የተጠረበ፣ ከሩቅ ሲያዩት ከድንጋይ የማይለይ ነገር በእጃችን አለ። የሚለየው ሲቀምሱት ብቻ ነው። ምግብም ገንዘብም ነው። ጣዕሙ ከሌለ ሁለቱንም አይሆንም።

የሚያመዛዝን ጸሐፊ ግን እዚህ አያቆምም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጨው አልጫ ቢሆን ወደ ውጭ ተጥሎ በሰው ከመረገጥ በቀር ለምንም እንደማይጠቅም ተጽፏል። ቃሉ በየሰንበቱ በሚነበብበት አገር አባባሉ ከወንጌሉ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል፤ ወንጌሉ ደግሞ አሞሌን በሚያውቅ ጆሮ ላይ ሲወድቅ «ድንጋይ» የሚለውን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደቀደመ የሚያሳይ ሰነድ እስካልተገኘ ድረስ ሁለቱንም ማቅረብ ነው የሚያዋጣው፤ አንባቢም ሁለት መንገድ ሲያሳዩት ይበልጥ ያስባል።

ይህን ሁሉ በአንድ አጭር የገጽ ጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። ለምሳሌ፦ «አባባሉን መጀመሪያ የተናገረው ሰው አይታወቅም። የተነገረለትን ጨው ግን እናውቀዋለን። ከዳሎል ወለል በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ የሚመጣ አሞሌ ነው። አያቶቻችን ቀምሰውታል፤ ተገበያይተውበታልም።» ከዚህ ተነሥቶ የጨው ፋብሪካ ስለ አዮዲን፣ የጭነት ድርጅት ስለ መንገድና ስለ አስተሻሸግ፣ ባንክ ስለ ገንዘብ ታሪክ መቀጠል ይችላል። ጽሑፉ ላይ የሚሟገት ቢመጣ ድርጅቱ የሚመልሰው አለው።

የፈጠራ ምንጭ እንዴት ይስፋፋል?

የቋንቋ ምሁራን «የልማድ ሥርወ ቃል» የሚሉት ነገር አለ። ሰዎች ለማያውቁት አመጣጥ የሚመስል ታሪክ ፈጥረው ሲያስይዙት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢሜይል የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ኑሮ እየተረከ ለብዙ አባባሎች ምንጭ ሰጥቶ ነበር። ኃይለኛ ዝናብን «ድመትና ውሻ ዘነበ» የሚሉት በሣር ጣሪያ ላይ የሚተኙ እንስሳት በዝናብ ጊዜ ስለሚወድቁ ነው የሚለው አንዱ ነው። ምሁራን ደጋግመው ቢያስተባብሉም ታሪኩ እስከ ዛሬ ይነገራል። በንግዱ ዓለም ይበልጥ የታወቀው ቻይናዎች ቀውስ የሚለውን ቃል «አደጋ» እና «ዕድል» ከሚሉ ሁለት ምልክቶች ይሠሩታል የሚለው ነው። ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1959 በንግግራቸው ተጠቅመውበታል፤ ከዚያ ወዲህ የአመራር ሥልጠናዎች መክፈቻ ሆኗል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቻይንኛ ምሁር የሆኑት ቪክቶር ሜይር ግን ሁለተኛው ምልክት በዚህ ቃል ውስጥ «ዕድል» የሚል ትርጉም እንደሌለው አስረድተዋል።

በአማርኛ ችግሩን የሚያፋጥኑ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሥራ ጫና ነው። የገጽ አስተዳዳሪው በየቀኑ አንድ ነገር ማውጣት አለበት፤ የሚለካውም በተጋሩ ጽሑፎች ብዛት ነው። «አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ እንደ ንጉሥና አሮጊት ታሪክ አይጋራም።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እነዚህ የጽሑፍ ማመንጫዎች የሚሠሩት ከቀረበላቸው ጥያቄ በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ነው። የአንድን አባባል ምንጭ ሲጠየቁ መዝገብ ቢኖርም ባይኖርም፣ የመዝገብ ቃና ያለው ታሪክ ሊሰጡ ይችላሉ። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ አነስተኛ በመሆኑ ውጤቱ ይከፋል። ዛሬ በአንድ የባንክ ገጽ ላይ የወጣው ፈጠራ ነገ ለማመንጫው መማሪያ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ያው ማመንጫ ለሌላ ድርጅት «በታሪክ እንደሚታወቀው» ብሎ ይመልሰዋል። ክቡ ሲዘጋ ማን እንደጀመረው ማወቅ አይቻልም። በእንግሊዝኛ አንድ ውሸት በብዙ ማስተባበያ መካከል ይኖራል፤ በአማርኛ ግን ብቻውን ሊቀር ይችላል። በበኩሌ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። የእንቁላሉ አባባል በአፋን ኦሮሞም «ሱታ ሱታን ሃንቃቁን ሚላን ዴምቲ» ተብሎ በተመሳሳይ ትርጉም ይነገራል። አንድ አባባል በሁለት ጎረቤት ቋንቋዎች እንዲህ ተካፍሎ ሲገኝ፣ አንድ የተወሰነ ንጉሥ በአንድ የተወሰነ ቀን ተናገረው የሚለው ወሬ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ይልቁንም ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ሐሳብን በጋራ መያዛቸው ራሱ ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ ነው።

ትርጉሙ ሲስት፣ ጊዜው ሲስት

ምንጩን ሳያውቁ መጻፍ ውሸት ባይሆን እንኳ ስሕተት ሊሆን ይችላል። «ብድር በምድር» የሚለውን የብድር አገልግሎት የሚያስተዋውቅ ሰው ቢመኘው አያስደንቅም፤ ቃሉ ልክ ይመስላል። አባባሉ የሚነገረው ግን ሰው ለዋለው ውለታ ወይም ለፈጸመው በደል ዋጋውን እዚሁ ምድር ላይ እንደሚያገኝ ለማመልከት ነው። «ብድሩን መለሰ» ሲባልም ብዙ ጊዜ ቂሙን ተወጣ ማለት ነው። ለተበዳሪ የሚላክ መልእክት ላይ ሲቀመጥ ዛቻ ሆኖ ይነበባል።

«ለክፉ ቀን» የሚለው ሐረግ ደግሞ በቁጠባ ማስታወቂያ ውስጥ የተለመደ ነው። ሐረጉ ራሱ ጥንታዊ ነው፤ «ክፉ ቀን» ግን በታሪካችን የአንድ የተወሰነ ዘመን ስምም ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት ያህል የዘለቀው ረሃብ በዚህ ስም ይታወቃል። የከብት ወረርሽኝ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ አንዳንድ ግምቶች የሞተውን ሕዝብ እስከ ሲሶ ያደርሱታል። ገበሬው ያስቀመጠው ሀብት ሁሉ በአንድ ዓይነት ንብረት፣ በከብት፣ ላይ ስለነበር አንድ በሽታ ሁሉንም ወሰደው። ሀብትን በአንድ ቦታ ስላለማከማቸት ለሚጽፍ የፋይናንስ ድርጅት ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የለም። የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይሻል፤ በፈገግታ ምስልና በሽልማት ዕጣ መካከል የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ጊዜም አለው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ለእሳት ኢንሹራንስ የተሰፋ ይመስላል፤ እሳትን ገና ሳይባባስ በቅጠላማ ቅርንጫፍ መትቶ የማጥፋትን ልማድ ያስታውሳል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ በደረሰው ቃጠሎ ሳምንት ይህን መለጠፍ ግን ንብረቱ ለወደመበት ነጋዴ ተግሣጽ ይሆን ነበር። ያው ጽሑፍ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ፍተሻና ከመድን ውል ማብራሪያ ጋር ቢወጣ ግን ምክር ነው።

አንዳንዱ አባባል ደግሞ በምንም ማብራሪያ አይድንም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ከነታሪካዊ ሁኔታው ማስረዳት የተመራማሪ ሥራ ነው፤ ንግድ ድርጅት ግን ደንበኛውን የሚያዋርድ ቃል የሚያነሣበት ምክንያት የለውም።

አባባል ስሌትን አይተካም

ወደ እንቁላሉ እንመለስ። ጫጩት ከእንቁላል የሚወጣው በ21 ቀን ገደማ ነው፤ አባባሉም ትዕግሥት ፍሬ እንዳለው ይመሰክራል። የቁጠባ ማስታወቂያ ይህን ሲጠቀም ግን አንድ ነገር ይሸሽጋል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ወሰነ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ ሁኔታ 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል፤ በፊት በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ13,000 ብር በላይ ሆኗል። እንቁላሉ ቀስ ብሎ እየሄደ ነው፤ ገበያው ግን ቀድሞታል።

ይህ ማለት ቁጠባ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ገንዘብን በቤት ከማስቀመጥ ይሻላል፣ ለድንገተኛ ችግርም ይደርሳል። ነገር ግን የወላጅን ድምፅ የተዋሰ ድርጅት ወላጅ የሚናገረውን ያህል መናገር ይጠበቅበታል። አባባሉን ጽፎ የወለዱንና የዋጋ ንረቱን ንጽጽር ከሥሩ የሚያስቀምጥ ባንክ ለጊዜው ጥቂት ደንበኛ ሊያጣ ይችላል፤ የቀረው ደንበኛ ግን በማግሥቱ ተታለልኩ አይልም።

ሁለት ተቃራኒ አቋሞች

የፈጠራ ምንጭን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ሙግት ቀላል አይደለም። ተረት ምንጊዜም ተራኪው እንደፈቀደ የሚያስጌጠው ነው፤ አያቶቻችንም ጨምረዋል ቀንሰዋል፤ ታዲያ የዛሬው ጸሐፊ ቢጨምር ምን ይጎዳል? ይላሉ። መልሱ ከራሱ ከተረት ልማዳችን ይገኛል። ተራኪው «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር አድማጩ «የመሠረት» ብሎ ይቀበለዋል፤ ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። መግቢያውና መውጫው የታጠረ ነው። አድማጩ፣ ሕፃን እንኳ ቢሆን፣ የሚሰማው ምን እንደሆነ ያውቃል። ድርጅቱ አጥሩን አፍርሶ «ታሪክ» የሚል ርዕስ ሲሰጠው ከልማዱ የወጣው እሱ ነው። ተረትነቱን አስታውቆ የፈለገውን ቢፈጥር ማንም ሊከስሰው አይገባም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ደስ ይላል።

በሌላው ወገን ያሉት ቅርስ ለሸቀጥ ማሻሻጫ መዋል የለበትም ይላሉ። ስጋታቸው ይገባል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ቃል በየገንዘብ ማሰባሰቢያው ሲደጋገም ሎሚው ሳይታይ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። በእጅ ተይዞ የሚሸተተውና በጥምቀት ለምትወደድ ልጅ የሚወረወረው ሎሚ «ጌጥ» ለመባል የበቃው በዚህ ልማድ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። ሆኖም አባባል መቼም ከገበያና ከችሎት ርቆ አያውቅም። በሙግት ላይ ዳኛን ለማሳመን፣ በገበያ ዋጋ ለማስቀነስ፣ በሽምግልና ጠበኛን ለማብረድ ሲያገለግል ኖሯል። ብዙ የከተማ ልጅ ዛሬ አባባል የሚሰማው ከማስታወቂያ ከሆነ፣ ማስታወቂያው በትክክል እንዲናገር መጠየቅ ዝም እንዲል ከመጠየቅ ይጠቅማል።

ሕጉ እዚህ ብዙ አይረዳም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ዋና ትኩረቱ ግን ሸማቹ ስለ ምርቱና ስለ አገልግሎቱ እንዳይታለል ነው። ስለ አንድ አባባል አመጣጥ የተፈጠረ ታሪክ ገዢውን በዋጋም በጥራትም አያሳስተውም። ስለዚህ ጉዳዩ በአብዛኛው ለሙያተኞቹ ኅሊና የተተወ ነው።

ወደፊት ምን ይጠበቃል?

የውጭ ድርጅቶች ሲገቡ ማስታወቂያቸውን በአብዛኛው በሌላ ቋንቋ አስበው ያስተረጉማሉ ተብሎ ይገመታል። የአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚበልጡበት አንዱ ነገር ቋንቋውን ከውስጥ ማወቃቸው ነው፤ በፈጠራ ምንጭ የሚያባክኑትም ይህንኑ ብልጫ ነው። በብዙ ቋንቋ መጻፍም እየተለመደ ነው። የአማርኛን አባባል ቃል በቃል ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወደ ትግርኛ ወይም ወደ ሶማሊኛ መመለስ ብዙ ጊዜ ቤቱንም ምቱንም ያጠፋል፤ በየቋንቋው ያለውን የራሱን አባባል ከባለቤቶቹ መጠየቅ ይቀላል፤ ያስከብራልም።

ሥራው ውድ አይደለም። አንድ ድርጅት ለሚጠቀምባቸው አባባሎች መዝገብ ሊይዝ ይችላል፦ አባባሉ ከማን፣ በየትኛው አካባቢ፣ በምን መልክ እንደተሰማ፤ በየትኛው የታተመ ስብስብ ወይም መዝገበ ቃላት እንደተገኘ፤ ሰዎች በምን ጊዜ እንደሚናገሩት፤ የሚጠቅሰው ዕቃ ወይም ልማድ ምን እንደነበረ። ከእያንዳንዱ ጎን «የተመዘገበ»፣ «የተገመተ» ወይም «ተረት» የሚል ምልክት ይደረጋል፤ ጽሑፉ ሲወጣም ምልክቱ ለአንባቢ ይታያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፎክሎር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የሠሯቸው ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከግቢው ውጭ አይነበቡም። ከማስታወቂያ በጀቱ ጥቂቱን ለእንዲህ ያለ ጥናት ማሳተሚያ፣ ወይም አሞሌ የጫኑና በቁርበት ላይ የተኙ አዛውንቶችን ድምፅ ለመቅረጽ የሚያውል ባንክ ለዓመታት የሚበቃ ይዘት ያገኛል። አዛውንቶቹ ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ስለሆነ ቀረጻው ከመዝገቡ ሊቀድም ይገባዋል።